የሠላሳ አንድ ቁጥር ባለቤት

ከኤሌኒ ጋር የከረማችሁ አንባቢዎች ትንሽ ጠጋ ጠጋ በሉልኝ፤ ዛሬ ገና ለመጣው እንግዳ ቦታ ልልቀቅለት። ኤሌኒ የጎንደር ከተማ ልጅ ናት። ዕድሜዋ ሃያ ስምንት ነው፤ የምትሠራውም በዩኒቨርሲቲው የባዮኢንፎርማቲክስ ድጋፍ ቡድን ውስጥ ነው። ስሙ አያስደንግጣችሁ። ሰውም ይሁን በግ፣ ገብስም ቢሆን፣ በውስጡ የተጻፈ የዘር ጽሑፍ አለው፤ እነሱ ያንን ጽሑፍ በኮምፒውተር ያነባሉ። ተመራማሪው ሁሉ ውጤቱ ሲበላሽበት ወይም አልገባው ሲል ፍላሹን ጨብጦ በራቸው ላይ ይቆማል። የቡድኑ ቀልደኛ ክንዱ «እኛ ወጌሾች ነን፤ የተሰበረ መረጃ እናሻለን» ይላል። ውሸት የለውም።

ሰውአገኝ ደግሞ የጃናሞራ ሰው ነው፤ በወረዳው ከተማ በመካነ ብርሃን የሚሠራ የእንስሳት ጤና ባለሙያ፣ ባለ ዲፕሎማ። የደጋውን በግ ለሚያጠኑት ተመራማሪዎች ከየቤቱ የበግ ደም እየቀዳ፣ በበረዶ ሳጥን አድርጎ፣ በአውቶቡስ ጎንደር ይልካል። እነዚህ ሁለቱ እንዴት ተዋደዱ የሚል ካለ፣ በሳጥኑ ነው የተዋደዱት። የሞባይል ኢንተርኔት በተቋረጠባቸው በእነዚያ ረጃጅም ወራት ሰውአገኝ የናሙናውን ዝርዝር በወረቀት ጽፎ ከሳጥኑ ክዳን ሥር ይለጥፍ ነበር። ከዝርዝሩ ግርጌ አንዲት መሥመር ይጨምራል። «አሥራ ሰባት ቁጥር በመርፌ ስትወጋ ዝም አለች። የጮኸችው ባለቤቷ ናት።» ኤሌኒም ባዶውን ሳጥን ስትመልስ የራሷን መሥመር ትልካለች። «የአሥራ ሰባት ደም ሸጋ ነው። ባለቤቷን አጽናናልን።» ሸጋ ያለችው በጃናሞራ ሰዎች አነጋገር ለማሾፍ ነበር፤ እያደር ግን ቃሉ የራሷ ሆኖ ቀረ። መጀመሪያ አንቱ ሲላት የኖረው ሰው በሰባተኛው ሳጥን አንቺ አላት። ያንን ወረቀት ስንት ጊዜ እንዳነበበችው እሷና እግዜር ያውቃሉ።

በአካል የተያዩት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። አንዴ እሱ ለሥልጠና ሲመጣ፣ ሁለተኛው ለጥምቀት ጎንደር፣ ቀሐ ወንዝ ላይ። ወጣቱ ሎሚ ሲወራወር ሰውአገኝን ከሕዝቡ ማዶ ቆሞ አየችው። ሎሚ ይዟል። ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ። እጁን አነሳ፣ ትንሽ አሰበ፣ እጁን አወረደ፤ ሎሚውንም ወደ ኪሱ መለሰ። እሷ ደግሞ ደረቷን ነፍታ ስትጠብቅ ነበርና ብስጭት አለች። በሚቀጥለው ሳምንት ሳጥኑ ሲከፈት ከደም ጠርሙሶቹ መካከል በላስቲክ የተጠቀለለች አንዲት ሎሚ ተገኘች። ክንዱ አንስቶ አገላብጦ አያትና «ይህቺን ደግሞ ምን ብለን እንመዝግባት?» አለ። ኤሌኒ ነጥቃው ቦርሳዋ ውስጥ ከተተቻት። እስከ ዛሬም እዚያው ናት፤ ደርቃ ጠጠር ሆናለች።

መከራው የመጣው ኅዳር ውስጥ፣ በአንድ ሐሙስ ጠዋት ነው።

የደሙ ንባብ ተጠናቅቆ ስለነበር ኤሌኒ ኮምፒውተሩ በጎቹን በዝምድናቸው እየለየ በቅርንጫፍ እንዲሥልላት አዘዘችው። የጥናቱ ደንብ ከአንድ ቤት አንድ በግ ነው። ሥጋ ዘመዳሞች ከተቀላቀሉበት ጥናቱ ይበላሻል። ሠላሳ ስድስት በግ ከሠላሳ ስድስት ቤት ተቀድቷል፤ በቅጹ ላይ እንደዚያ ተጽፏል። ሥዕሉ ሲወጣ ሃያ ሰባቱ እንደሚገባቸው ተበታትነዋል። ዘጠኙ ግን በአንድ ቅርንጫፍ ላይ ተኮልኩለዋል። እህትማማች፣ የአክስት ልጆች፣ የአንድ አውራ በግ ልጆች። ዘጠኝ ቤት፣ አንድ መንጋ።

ደግማ ሠራችው። ያው ነው። ሦስተኛም ሠራችው። ክንዱ ወንበሩን ስቦ መጣና «ሰውዬው ዘጠኝ ቤት ከሚዞር አንዱ በረት ገብቶ ዘጠኙንም ቀድቷል» አለ። ይህን ብሎ ፊቷን ሲያይ የተናገረውን መልሶ ሊውጠው ፈለገ፤ አልሆነለትም።

የቡድኑ ኃላፊ ዶክተር አንዳርጋቸው መነጽራቸውን አውልቀው ሥዕሉን ረጅም ጊዜ ተመለከቱት። ሰው የማይጎዱ፣ ግን ደግሞ ከደንብ ዝንፍ የማይሉ ሰው ናቸው።

«ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?» ሲሉ ጠየቋት።

ኤሌኒ ቅጹን ገለጠች። ከዘጠኙ አንዷ ሠላሳ አንድ ቁጥር ናት፤ በቅጹ ላይ የባለቤት ስም የሚጻፍበት ቦታ ባዶ ነው። ሦስት ጊዜ በወረቀት ጠይቃዋለች። መጀመሪያ «ይደርሳል» አላት። ሁለተኛ «ባለቤት አላት፤ አታስቢ» አላት። ሦስተኛውን ጨርሶ አልመለሰም።

«ሰኞ ለጥናቱ ኮሚቴ ይቀርባል» አሉ ዶክተር። «ያገኘሽው አንቺ ነሽ፣ አንቺው ጻፊው። ኮሚቴው ከተቀበለው ሰውዬው ይሰናበታል። ለወረዳውም ይጻፍበታል።»

ጻፈች። ናሙናዎቹ ከአንድ መንጋ የተወሰዱ መስለዋል ብላ ፈረመች። ካፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ አባቶች፤ የፈረሙበትማ ከአፋፉም ያልፋል። ከዚያ በኋላ ነው መደወል የታሰባት። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉልኝ፤ በኋላ እሷንም ያቃጠላት ይኸው ነው።

«ዘጠኙ በጎች ዘመዳሞች ናቸው» አለችው። «ከአንድ ቤት ነው የቀዳኸው?»

«ከዘጠኝ ቤት ነው የቀዳሁት። በእግሬ ዞሬ።»

«ታዲያ ሠላሳ አንድ የማን ናት?»

በስልኩ ውስጥ የደጋው ነፋስ ይሰማታል።

«እሱን በስልክ አልነግርሽም።»

«ምነው? እውነት ከሆነ ምን ያስፈራሃል?»

«ጽፈሻል እንዴ?»

«ጽፌያለሁ።»

«ፈርመሻል?»

«አዎ።»

«እንግዲያው የጻፉትን ያጽድቁ» አላት፤ ከአንቺ ወደ አንቱ መልሷት። «እኔ ምን እላለሁ።» ስልኩ ተዘጋ።

ሌላው ሰው በስድብ ይቆስላል፤ ኤሌኒ በአክብሮት ቆሰለች።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ አውቶቡሱ አንድ የበረዶ ሳጥን አመጣ። በረዶም፣ ደምም የለበትም። ክዳኑ ሥር የተለጠፈ ደብዳቤ ብቻ ነው። ኤሌኒ ለብቻዋ መስኮቱ ጥግ ሄዳ አነበበችው።

«ለኤሌኒ። በዚህ ሥራ ሰባት ዓመት ስቆይ አንድም ገበሬ ዋሸኸኝ ብሎኝ አያውቅም። ኮምፒውተሩ ያየውን አየ፤ እሱን አልወቅስም። አንቺ ግን በየሳጥኑ ስትጠይቂኝ የኖርሽ ሰው ነሽ። የበጉ ጠጉር ለምን ረዘመ፣ ገብሱ ለምን ዘገየ፣ ሽማግሌውን ለምን አያ ትሉታላችሁ እያልሽ። በዚህ ጊዜ ብቻ ሳትጠይቂኝ ጻፍሽ። የሠላሳ አንድን ባለቤት ያልነገርኩሽ ዋሽቼ አይደለም፤ በወረቀት የሚሆን ነገር ስላልሆነ ነው። ነይና የፈለግሽውን በግ ራስሽ ቅጂ። የማትመጪ ከሆነ ሎሚዋን መልሺልኝ። ሰውአገኝ።»

አንቺ ብሏታል። ከነቁጣው አንቺ ብሏታል። ደብዳቤውን አጥፋ ቀጥታ ወደ ዶክተር አንዳርጋቸው ክፍል ገባች።

«ዶክተር፣ ጠይቄ አልጨረስኩም» አለቻቸው።

እሳቸውም ከወረቀታቸው ቀና አሉ። «መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ። እስከ ሰኞ ጠዋት ጊዜ አለሽ። ከዚያ በኋላ ግን የፈረምሽው ይቀርባል።»

ቤት ደርሳ ልብሷን ስትሸክፍ እናቷ በሩ ላይ ቆመው አዩዋት። ሰምተዋል፤ እናት የማትሰማው የለም። «ባለ ፒኤችዲው አማላጅ ሲልክ ራሴን አመመኝ ብለሽ ተኛሽ» አሉ። «አሁን ተራራ የምትወጪው ለበጉ ነው ለበጉ ሐኪም?» ኤሌኒ ዚፑን ዘጋች። ራሷም ገና አላወቀችውም።

*

ከደባርቅ በላይ መንገዱ ወደ ሰማይ ነው። ሚኒባሱ በቧሂት ተራራ ብርድ ውስጥ እያቃሰተ አለፈና፣ ቅዳሜ ወደ ማምሻው መካነ ብርሃን አወረዳት። ሰውአገኝ መናኸሪያው ላይ ቆሟል። ከስታለች ብሎ አሰበ መሰለኝ፣ አንዴ አየት አድርጓት ዓይኑን ወደ ያዘችው የበረዶ ሳጥን መለሰ። እሷም ጢሙን እንዳልተላጨ አየች። ሰላምታቸው እጅ መጨባበጥ ብቻ ነበር፤ እጁን ግን ቶሎ አልለቀቀችውም፣ እሱም አልነጠቃትም።

«እንኳን በደኅና መጡ» አላት። ሳጥኑን ተቀብሎ ከፊቷ ተራመደ። ማደሪያ ያዘጋጀላት ከወረዳው ሴት ባለሙያዎች ጋር ነው። እስከዚያ ድረስ እሷ ከኋላው እየተከተለች ጀርባውን ስታይ መጣች።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ተነሡ። ኤሌኒ መርፌና ጠርሙስ አሰናድታ ነበር። ሰውአገኝ አይቷት ራሱን ነቀነቀ።

«ዛሬ ሰንበት ነው። በሰንበት መርፌ የሚያስነካ ገበሬ አታገኚም።»

«ነገ ጠዋት እኮ ኮሚቴው ይሰበሰባል።»

«ኮሚቴው እኔን አይጠይቀኝም» አላት። «አፍሽን ይዘሽ መጥተሻል አይደል? ጠይቂያ።»

ምን ምርጫ አላት። የመጀመሪያው ቤት የአያ አድማሴ ነው። በሬያቸውን ፀሐይ እያሞቁ ነበር፤ ድንጋይ አስጠግተው አስቀመጧት። ኤሌኒ ቅጹን ዘርግታ ከላይ ጀመረች።

«አያ አድማሴ፣ ይህች በግ የማን ናት?»

«የኔ ናት።»

«በትክክል የእርስዎ?»

«ምነው፣ የሌላ ትመስላለች?» አሉ ሽማግሌው፤ በጓን ዞር ብለው እያዩ። ሰውአገኝ አጥሩን ተደግፎ ያያል።

ሁለተኛው ቤት የዝናሽ ነው። ዝናሽም የኔ ናት አለች፤ ያውም ወገቧን ይዛ። ሦስተኛው ቤትም እንደዚያው። ዘጠኝ ቤት ዘጠኝ የኔ ናት ይዛ ልትመለስ ነው። የአንዱም ፊት የውሸታም ፊት አይደለም፤ ኮምፒውተሩም አይዋሽም። ሁለቱ እውነቶች አልታረቅ አሏት። እንግዲህ ኤሌኒን የምታውቋት ታውቋታላችሁ፤ አንድ ነገር አልገባት ካለ እንቅልፍ የላትም። ቅጹን አጥፋ እስኪርብቶዋን ከላዩ አስቀመጠችና፣ በቅጹ ላይ የሌለ ነገር ጠየቀች።

«እናቷስ? እናቷን ከየት አገኛችኋት?»

የሦስተኛው ቤት ሴትዮ በጥያቄው ሳቀች። «ከእማሆይ ነዋ። ሌላ ከየት ይመጣል?»

ወደ ዝናሽ ተመለሰች። ከእማሆይ ነው አለች። ወደ አያ አድማሴ ሮጠች፤ አዎ፣ በዚህ ብርድ፣ በዚህ ዳገት ሮጠች። «የክርስትና እናቴ ናቸው» አሉ እሳቸው። «ሲመነኩሱ ሰጡኝ። የርቢ።»

ኤሌኒ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ እያለ ሰውአገኝ ፊት ቆመች።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ቅጹ አልጠየቀኝም» አላት። «ቅጹ የማን ናት ይላል፤ የማን እንደሆነች ጻፍኩ። ከየት መጣች የሚል የለበትም። ደግሞ እዚህ አገር እማሆይ የትነበርሽን የማያውቅ ሰው ይኖራል ብዬ እንዴት ላስብ? እኔ እኮ በሳቸው በግ ነው የተማርኩት።»

ቅጹን ያዘጋጀው ማን እንደሆነ ንገሪን በሏት እስቲ። ኤሌኒ ራሷ ናት፤ ጎንደር ላይ፣ በአንድ ከሰዓት፣ ማኪያቶዋን እየጠጣች። በግ ናት፣ ባለቤት አላት፣ በቃ ብላ። ዳገቱ ላይ ቆማ ፊቷ ፍም መሰለ።

*

እማሆይ የትነበርሽ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ባለች ጎጆ ይኖራሉ። ልጅ አልወለዱም። የክርስትና ልጆቻቸው ግን መንደሩን ይሞላሉ። ከስድስት ዓመት በፊት ባላቸው ሲሞቱ ቆብ ደፉና በጎቻቸውን በርቢ ለክርስትና ልጆቻቸው አደሉ፤ እናቲቱን አርቢው ይጠብቃታል፣ ግልገሏን ከሰጪው ጋር ይካፈላል። የእሳቸውን ድርሻ ደግሞ ለሌላው የክርስትና ልጅ ያስተላልፋሉ። አውራ በግ ግን አንድ ብቻ አስቀርተዋል፤ ሁሉም በጎቹን የሚያስጠቃው ከእሱ ነው።

ሰውአገኝ «እማሆይ፣ ከዩኒቨርሲቲ የመጣች ናት፤ ስለ በጎቹ ትጠይቅዎታለች» ብሎ ከበሩ አጠገብ ቁጭ አለ። ኤሌኒ ላፕቶፗን ጉልበቷ ላይ ከፍታ ያንን የተኮለኮለ ቅርንጫፍ አወጣች።

«የርቢ በጎቹን ዘር ያስታውሳሉ፣ እማሆይ?»

«ዳዊቴን ብረሳ ይሻላል» አሉ። መቁጠሪያቸውን አስቀመጡ። «የሁሉም ሥር ዳልቻ ናት። ዳልቻ ቦራን ወለደች፣ ቦራን ለአድማሴ። ቀጥላ ነጯን ወለደች፣ ነጯን ለዝናሽ። የአድማሴዋ ሁለት ወለደች፤ አንዷን እኔ ወሰድኩና ለምንዳዬ...»

የኤሌኒ ጣት በሥዕሉ ላይ ይከተላቸዋል። አንዷ ቅርንጫፍ፣ ሁለተኛዋ፣ ሦስተኛዋ። እሳቸው ሥዕሉን አያዩም፤ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ኮምፒውተሩ ሦስት ጊዜ ያሰላውን ሴትዮዋ በአንድ ትንፋሽ ይዘረዝሩታል። ሁለት ቁጥሮች ከሁሉም በላይ ተጠጋግተው ከተሣሉበት ቦታ ሲደርሱ ዓይናቸውን ገለጥ አደረጉና «እነዚያ መንታ ናቸው» አሉ።

ኤሌኒ እንባዋ መጣ። ደስታ ነው እንዳትሉ፣ እፍረትም ነበረበት። እፍረት ነው እንዳትሉ፣ ከልጅነቷ ጀምሮ እንዲህ ያለ ሸጋ ነገር አይታ አታውቅም።

«ምነው ልጄ» አሉ እማሆይ ደንግጠው፤ «በግ ሞተብሽ?»

«የለም፣ እማሆይ። ይቀጥሉ።»

«ጨረስኩ እኮ። ስምንት ናቸው።»

ኤሌኒ እንባዋን ጠረገች። ሥዕሉ ላይ ዘጠኝ ነው። «ዘጠነኛዋስ? ሠላሳ አንድ ቁጥር የምንላት?»

ሰውአገኝ ከመቀመጫው ተነሣ። «እማሆይ፣ እሷን እንኳ...»

«ተቀመጥ አንተ። ጠየቀችኝ እኮ።» እማሆይ ወደ ኤሌኒ ዞሩ። «ያቺ የርቢ አይደለችም። የዚህ የሰውአገኝ ድርሻ ነበረች፤ እሱም ለሰው ሰጣት። የጥምቀት ሰሞን ከጎንደር ተመልሶ መጣና፣ እማሆይ ይህችን በግ እዚያ ላለች ልጅ ሰጥቻታለሁ፣ ያዙልኝ አለኝ። ልጅቱ ታውቃለች ወይ ብዬ ብጠይቀው አንገቱን ደፋ። ይኸው አሥር ወር ሆነ፤ አንድ ቀን እንኳ ብቅ ብላ አላየቻትም። ምን ያለች ሰው ናት በጓን የማትጠይቅ?» ትንሽ አሰቡ። «ከዚያው ከጎንደር አይደለሽ? ብታውቂያት ንገሪያት። ወልዳለች በያት።»

ኤሌኒ ላፕቶፗን ዘጋች። ቀና ስትል የሰውአገኝ ዓይን ላይ ወደቀች። ቀሐ ላይ ሎሚውን ይዞ የቆመ ጊዜ የነበረው ዓይን ነው፤ ያንን ጊዜ ፍርሃት ብላው ነበር።

«እነግራታለሁ፣ እማሆይ» አለች።

ከጎጆው ኋላ፣ ካቡ ሥር፣ አንዲት መልከ ዳልቻ በግ ግልገሏን ታጠባለች። ጆሮዋ ላይ ሠላሳ አንድ የሚል ቢጫ ምልክት ተንጠልጥሏል። ሁለቱ ጎን ለጎን ቆመው አዩዋት።

«ሳልጠይቅሽ ስምሽን ብጽፍ ድፍረት መሰለኝ» አለ ሰውአገኝ ዝግ ብሎ። «የሌላ ሰው ስም ብጽፍ ደግሞ ውሸት ነው። ባዶውን ተውኩት።»

ኤሌኒ በዚያ ባዶ ቦታ የጠረጠረችውን ሁሉ አሰበች። ሌባ ብላዋለች። ያውም ፈርማ።

«እኔ ግን ጻፍኩብህ» አለችው። «መጠየቅ ሥራዬ ሆኖ አንተን ሳልጠይቅ ጻፍኩብህ። ይቅር በለኝ።»

«መጥተሽ የለ።»

ኔትወርክ ያለው ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ካለው ጉብታ ላይ ነው። ወጥታ ደወለች። በጎቹ ከዘጠኝ ቤት እንደተቀዱ፣ ጥፋቱ የቅጹ እንደሆነ፣ ቅጹም የእሷ እንደሆነ አንድም ሳትደብቅ ተናገረች። ዘጠኙ ዘመዳሞች ስለሆኑ ስምንቱ ከጥናቱ ይወጣሉ፤ የሰውዬው ስም ግን ከወረቀቱ ይውጣ፣ የኔ ይግባ አለች። ዶክተር አንዳርጋቸው እስክትጨርስ ጠበቋት።

«ሐሙስ ዕለት፣ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል ብዬሽ ነበር» አሉ። «አሁን መለስሽልኝ። የድሮውን ሪፖርት እኔው እቀደዋለሁ።»

ወርዳ ስትመጣ ሰውአገኝ ካቡ ላይ ተቀምጦ ነው። ምንም አልጠየቃትም፤ ፊቷን አይቶ አወቀ። አጠገቡ ተቀመጠችና ቅጹን ጉልበቷ ላይ ዘረጋች። እስኪርብቶዋን አወጣች። በሠላሳ አንድ ቁጥር ፊት ለፊት ያለውን ባዶ ቦታ ለአፍታ አየችውና፣ በዚያ ላይ ቀስ ብላ ስሟን ጻፈች። ከነአባቷ። እሱ ፊደሎቹን አንድ በአንድ በከንፈሩ ያነብ ነበር።

«ለእናቴ ምን እላታለሁ አሁን?» አለች፤ እየሳቀች።

«በግ አለኝ በያት» አላት።

እማሆይ በትራቸውን ይዘው ከጎጆው ጥግ ብቅ አሉ። የተጠጋጉትን ሁለቱን አዩ፤ በጓን አዩ፤ መልሰው ኤሌኒን አዩ።

«ስምሽን ሳልጠይቅሽ ልጄ» አሉ። «ማን ነሽ?»

«ኤሌኒ እባላለሁ፣ እማሆይ። የበጓ ባለቤት ነኝ።»

አሮጊቷ በትራቸውን ካቡ ላይ አስደገፉ። ከዚያ መጥተው በዚያ በሻከረ እጃቸው ጉንጯን ዳሰሱት።

«ታዲያ ምነው እስካሁን ቆየሽ?»

ስትጠይቅ የኖረችው ኤሌኒ በተራዋ ተጠየቀች። ሰውአገኝ እጇን ያዘ፤ በእማሆይ ፊት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ያ ዓይን አፋር።